ለአክስቴ ነው የምናገረው

ኤፕሪል 4፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለአስጎብኚነት ፈተና ላጠናበት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች የጳጳሳት ስም ዝርዝር ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ የንዴት ደብተር ሆኗል፤ ጳጳሳቱ ይታገሱኝ።

ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሆላንዳውያን ቆመዋል። ረጃጅም ናቸው፤ አፍንጫቸውን ፀሐይ ልጦታል፤ ጀርባቸው ላይ ቤታቸውን የሚያህል ሻንጣ አዝለዋል። ልጅቷ የአክስቴን አንሶላ ፎቶ ታነሳለች። ልጁ የልብስ መቆንጠጫ ቅርጫት ይዞ ተገትሯል። ያስያዘችው አክስቴ ናት።

«ምን ፈልገው ነው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ! ያዝ አልኩት፣ ያዘ። አንቺ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ይዘሽልኝ ታውቂያለሽ?»

ልጁ «አያትሽ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አክስቴ ናት አልኩት። እውነቱን ለመናገር ዮላንዳ በደም ምኔም አይደለችም። የዚህ ግቢ በር ጠባቂ ነበረች፤ እናቴ ሆስፒታል በፈረቃ ስትሠራ እኔን የምታቆየኝ እሷ ነበረች፤ አክስቴ ስላት አድጌ አክስቴ ሆና ቀረች። ጡረታ ከወጣችም በኋላ የበር ጠባቂዋን ክፍል አልለቀቀችም። ሥራ ካጣሁ ወዲህ እኔም እዚያው ክፍል ሶፋው ላይ ነኝ።

ከዚያ ልጁ ከኪሱ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። «ሮም በባዶ ኪስ፦ በነፃ የሚታዩ አርባ አንድ ቦታዎች»። ደራሲ፣ ዶክተር ኦታቪዮ ካልቪሲ። ሽፋኑ ላይ ካልቪሲ ራሱ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ፈገግ ብሏል። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«አርባ አንድ። ቴስታቾ ሠፈር፣ የቁጥር አሥራ አንድ ግቢ። አንድ የሎሚ ዛፍ፣ አንድ ሰነፍ ድመት፣ በሮም ከሁሉ በላይ የምታውቅ አንዲት ሴት። ሰላም በሏት። ከሰደበቻችሁ ወዳችኋለች ማለት ነው።»

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካልቪሲ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ሦስት ዓመት ስሠራ፣ ባለፈው ክረምት ምሳዬን እየዘለልኩ አርባውን ቦታ ጻፍኩ። አርባ አንደኛውን አክስቴን ለማሳቅ ብዬ ጨመርኩ፤ ከመታተሙ በፊት ላወጣው። ካልቪሲ ረቂቁን አገላብጦ «ነፃ ነገር ማን ይገዛል?» አለና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። በጃንዋሪ ደግሞ እኔን ቀነሰኝ። አሁን ገባኝ። ሌባው ሲሰርቅ እንኳ አላነበበውም!

«አልሰደብኳቸውም» አለች አክስቴ፣ ገጹን ሳነብላት። ትንሽ አሰበችና ወደ ልጁ ዞረች። «አንተ ረጅም ቂል፣ ቅርጫቱን ቀና አድርገህ ያዝ!»

የልጁ ፊት በደስታ በራ።

ኤፕሪል 5፣ ዓርብ

ሄድኩበት። አልጮህኩም። (አክስቴ «ጮኸሻል፣ ድምፅሽ ሰልሏል» ትላለች። ብርድ ነው።)

«ኤርሲሊያ! የኔ ቆንጆ፣ ቁጭ በይ፣ ምን ይምጣልሽ?»

ሦስት ዓመት «እርስዎ» ስለው የኖርኩትን ሰውዬ ዛሬ «አንተ» አልኩት። «መጽሐፌን መልስ።»

«የትኛውን መጽሐፍ?»

«እሺ፣ ቁጥር አርባ አንድ ምንድን ነው?»

ጣራውን አየ፣ ሻርፑን ነካካ። «አርባ አንድ… የሕዳሴ ዘመን ምንጭ ነው። እጅግ ውብ። ብዙ ሰው አያውቀውም።»

«የዮላንዳ ልብስ ማስጫ ነው!»

ጸሐፊዋ ከወዲያ ክፍል ሳል አፈናት። ካልቪሲ ግን የሚያፍር ፊት አልተፈጠረለትም። «ሮም እኮ የሁላችንም ናት፣ ልጄ» አለኝ። «ደግሞ ጁን ሃያ ፈተና አለሽ ሲሉ ሰማሁ። ያለ ፈቃድ ሲያስጎበኝ የተያዘ ሰው ለፈተና እንደማይቀመጥ ታውቂያለሽ። እንዲህ በንዴት ተነስተሽ አደባባይ እንዳትወጪ። አደራ።»

ስወጣ በሩን ወርውሬ አልዘጋሁትም። መስታወቱ ድሮም የላላ ነበር።

ኤፕሪል 8፣ ሰኞ

ሕጉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ያለ ፈቃድ ለሌሎች ሰዎች ስለ ቅርሶች ማብራራት» ክልክል ነው ይላል። ለሌሎች ሰዎች!

አክስት ሌላ ሰው ናት? አይደለችም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ሽርሽር እወጣለሁ። የምናገረው ለአክስቴ ነው። ጮክ ብዬ፣ ጆሮዋ ደከም ስላለ። (ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሹካ ሲወድቅ ትሰማለች።) በእንግሊዝኛ፣ እንዳይጠፋባት። አሜሪካኖች ቤት አሥራ አንድ ዓመት አብስላለች፤ የወጥ ቤት እንግሊዝኛ አላት። የምንነሳው ካልቪሲ መጽሐፉን ከሚሸጥባት ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ከኋላችን የሚከተል ሰው ቢኖር መንገዱ የሕዝብ ነው። የሰማ ሁሉ በነፃ ያየዋል፤ መጽሐፉን ማንም አይገዛውም።

ለአክስቴ ነገርኳት።

«ጉልበቴስ?»

«ቀስ እያልን ነው።»

«ምን አገኛለሁ?»

«ካልቪሲ በንዴት ሲያብጥ ታያለሽ።»

«ጫማዬን አምጪ።»

ኤፕሪል 13፣ ቅዳሜ

አራት ተከታዮች። ሁለት የፖላንድ ተማሪዎች፣ አንዲት መነኩሲት፣ አንድ መንገድ የጠፋበት ሰውዬ።

ለአክስቴ የምትጠይቀኝን ሦስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፌ ሰጥቻት ነበር። የመጀመሪያው «ይህ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ በየትኛው ዘመን ተሠራ?» የሚል ነው። እሷ ግን በወረቀቱ መነጽሯን ጠረገችበት።

ወንዙ ዳር ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጣቱ የተሰበረ የድንጋይ ቅዱስ አለ። ስለ ድንጋዩ ዓይነት፣ ስለ ቀራጮቹ ማኅበር፣ በረዶ ድንጋይን እንዴት እንደሚሰነጥቅ ዘጠኝ ደቂቃ በጥሩ ሁኔታ አስረዳሁ። ተማሪዎቹ ወፍ ያያሉ።

«ውሸት» አለች አክስቴ። «ጣቱ የሥጋ ሻጩን ሱቅ ይጠቁም ነበር። ሥጋ ሻጩ ሚዛን ይሰርቃል። ሰው ሁሉ ቅዱሱን አይቶ ወደዚያ ሰውዬ ይዞራል። አንድ ሌሊት መሰላል አምጥቶ ጣቱን ሰበረው። አሁንም የልጅ ልጆቹ ሚዛን ይሰርቃሉ፤ ኑ ላሳያችሁ።»

አራቱም ተከተሏት። የጠፋበትም ሰውዬ።

ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ

አሥራ አንድ።

ዛሬ ታላቁ ሥዕል ያለበት ቤተ ክርስቲያን ገባን። መግቢያው ነፃ ነው፤ ሥዕሉ ግን ጨለማ ውስጥ ነው። መብራቱ የሚበራው ሣጥኑ ውስጥ ሳንቲም ሲገባ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ያበራና ድርግም። የባዶ ኪስ ሕግ አንድ ነው፦ ሌላ ሰው እስኪከፍል መጠበቅ። ቆምን። እዚያው ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ቆመው ነበር፤ ለካ እነሱ የሚጠብቁት እኛን ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ሃያ ሰው በጥቁር ግድግዳ ላይ አፈጠጠ። እኔ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሠዓሊው በብርሃን እንዴት እንደተጠበበ አስረዳሁ።

አክስቴ በድንገት ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ» አለች ጮክ ብላ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ ብቻ አሳየኝ!»

አንድ ባለ ወርቅ ሰዓት ጀርመናዊ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሦስት ሳንቲም ከተተ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ! ሃያ ሰው በአንድ ትንፋሽ «ኡ!» አለ።

ከወጣን በኋላ ተቆጣኋት። «ዓይንሽ ምን ሆነና ነው?»

«ምንም። ጀርመኑን መቼ ጠየቅኩት? እኔ የተናገርኩት ከጌታ ጋር ነው። አንቺ ከአክስትሽ ጋር እንደምትናገሪው።»

የዚያ ቤተ ክርስቲያን ወለል በበጋ ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ በተለይ ከግራ በኩል ሦስተኛው ምሰሶ ሥር፣ ለምን እንደማውቅ አላውቅም። የሆነ ቦታ አንብቤው ይሆናል።

ኤፕሪል 27፣ ቅዳሜ

አሥራ ዘጠኝ ሰው። አንዱ የተለየ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው፤ የሣር ኮፍያ፣ ትንሽ ደብተር፣ ጸጥ ያለ። የምናገረውን ሁሉ ይጽፋል። በመጨረሻ የምናገረውን ቃል በቃል የሚይዝ አንድ ሰው አገኘሁ። ሀገሩን ስጠይቀው «ከዚሁ አካባቢ» አለኝ። የሮም ሰው ሆኖ ሮምን ለማየት መምጣቱ የነፍስ ጥልቀት ነው።

አክስቴ፦ «ጫማውን አየሽው? ቱሪስት ጫማ አይወለውልም።»

ሥርዓት ያለው ሰው ነው፣ ሌላ ምን።

ሜይ 1

ካልቪሲ ሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል ይላሉ። መጽሐፉ እንደተከመረ ነው ይላሉ። ደስ አላለኝም። በጣም ደስ አለኝ።

ሜይ 4፣ ቅዳሜ

ሠላሳ ሁለት! ባለ ኮፍያውም።

ኮረብታው ላይ ያለውን በር ለማየት ወጣን። በቁልፉ ቀዳዳ ሲያዩ በሁለት ረድፍ ዛፍ መካከል የትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከፍተው የማያስገቡበት በር በነፃ ከሚታዩት ሁሉ የሚያምረው ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። የአክስቴ ተራ ሲደርስ ጎንበስ አለች። እዚያው ቀረች።

«አክስቴ?»

«ወገቤ ያዘኝ።»

«ቀና በይ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!»

«ብችል መቼ ጠላሁ!»

ወደ ኋላ መመለስ አልቻለችም፤ ስለዚህ ከዚያው ከቀዳዳው ሳትነቀል ማስረዳት ጀመረች። ጉልላቱ የድስት ክዳን ነው አለች። ድሮ አንድ አትክልተኛ እነዚያን ዛፎች የሚከረክመው የሚወዳት ሴት በቀዳዳው እያየችው መሆኗን ስለሚያውቅ ነው አለች። ሴትየዋ ሌላ አግብታ እንኳ ለሃምሳ ዓመት እየመጣች በዚህ ቀዳዳ ታይ ነበር አለች። ሃምሳ ሰው፣ ወረፋው ላይ ያሉት ባዕዶች ሳይቀሩ፣ የአንዲት አሮጊት ጀርባ እያዩ ትንፋሻቸውን ዋጡ። አንድ ልጅ አለቀሰ።

በመጨረሻ ባለ ኮፍያውና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን አቀናናት። እጁ የሳሙና ሽታ አለው። ይህን የጻፍኩት ለዝርዝር ያህል ነው።

ዛሬ እኔ የተናገርኩት፦ «ደረጃ አለ፣ ተጠንቀቁ» የሚለውን ብቻ ነው መሰለኝ።

ሜይ 5፣ እሑድ

የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሙዚየሞች ነፃ ናቸው። ወረፋው ሦስት ሰዓት ፈጀ። አክስቴ ተጣጣፊ ወንበር፣ ጥላና የተቀቀለ ባቄላ ይዛ መጣች። ተራችን ሲደርስ የመግቢያው ሰዓት አልቆ ነበር። ማንም ቅር አላለውም። ከፊታችን የነበሩት ስፔናውያን ወረፋው ይሻላል ብለው እንደገና ተሰለፉ።

ሜይ 11፣ ቅዳሜ

አርባ አራት።

ተናድጃለሁ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ስለ አደባባዩ ቅርፅ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንደተናገርኩ አንዲት እንግሊዛዊት «ይቅርታ፣ አክስትሽን መስማት አልቻልንም» አለችኝ። አክስቴ ምን እያወራች ነበር? በነፃ ስለሚገባባቸው መጸዳጃ ቤቶች! ሮም ውስጥ ሁሉም ነገር ነፃ ነው፣ ከሽንት በቀር፣ አለች፤ ስድስት ቦታ እየጠቆመች አስጻፈቻቸው። ባለ ኮፍያውም ጻፈ።

ቧንቧ ስናገኝ ደግሞ አፉን በጣቷ ደፍና ውኃው ቧንቧው አናት ላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ሲፈናጠር ሁሉንም አጠጣች። መነኩሲቷ ራሷን አረጠበች። እልልታ።

ገንዘብ ሲሰጡን አልቀበልም፤ ገንዘብ ማስረጃ ይሆናል። አክስቴ ግን የሚበላ ትቀበላለች። ዛሬ ቸኮሌት፣ ግማሽ ሳላሚ፣ አንድ ጥንድ ካልሲ። ካልሲ አይበላም ስላት «ይቆያል» አለች።

አርባው ቦታ የኔ ነው። ቅደም ተከተሉም የኔ ነው። የጻፍኩት እኔ። ይህን አንድ ሰው ማወቅ አለበት።

ሜይ 15

ጥግ ያለው ቡና ቤት። አሳላፊው፦ «የአክስትሽ ጉብኝት ከተማውን አናወጠው አሉ!»

«የእኔ ጉብኝት ነው።»

«አዎ፣ የአክስትሽ።» ብርጭቆ እየወለወለ ቀጠለ። «ባለፈው አንድ ባለ ሻርፕ ሰውዬ ስለ እናንተ ሲጠይቀኝ ነበር። ስንት ሰዓት እንደምትነሱ።»

«ምን አልከው?»

«አንደኛ ነው አልኩት፤ እንዳያመልጥህ።»

ሜይ 18፣ ቅዳሜ

ጸጉሬን ታጠብኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ነው።

ባለ ኮፍያው ዛሬ ከእኔ ጎን ሄደ። «ሁሌም እርስዎ ነዎት የሚያዘጋጁት?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ብዙ ጊዜ ይወስድብዎታል?» ሕይወቴን አልኩት። «ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም አለ?» ይህን ያህል የሚጨነቅልኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ስሙ ላንዚ ነው። «እርስዎ» ማለቱን አለመተዉ የአስተዳደግ ነገር ነው።

«ሳምንት እመጣለሁ» አለ። «ሳምንት ወሳኝ ነው።»

ወሳኝ!

አክስቴ ሶፋው ላይ እግሯን ጨው ውኃ ውስጥ ነክራ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ሰውዬ ሲያይሽ ዓይኑ አያይም። ይቆጥራል።»

ቅናት ነው። በሰባ አራት ዓመቷ።

ሜይ 25፣ ቅዳሜ

ቀዩን ቀሚስ ለበስኩ። ሃምሳ ስምንት ሰው። መጨረሻው አደባባይ ላይ ላንዚ ሁሉም እስኪበተን ጠበቀ። ኮፍያውን አወለቀ። እጁን ኪሱ ከተተ። ልቤ…

መታወቂያ ነበር። የከተማ ፖሊስ፣ የቱሪዝም ቁጥጥር ክፍል። ከአስጎብኚ ድርጅት አቤቱታ ቀርቦብናል። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ቢሮው።

እኔ፦ «ለአክስቴ ነው የምናገረው።»

እሱ፦ «የመዝገብ ቤቱን ወረቀት አይቻለሁ። አክስትዎ አይደሉም።»



ሜይ 26

ሞኝ። ሞኝ። ሞኝ። አራት ሳምንት «ይጽፋል» እያልኩ ስጽፍ። ፈተናው ጁን ሃያ። ሁለት ዓመት የተጠናበት። ያ ሻርፓም አሸነፈ።

ቀሚሱን ለድመቱ መኝታ አደረግኩት። ቆይቼ አነሳሁት።

ሜይ 28፣ ማክሰኞ

ሁሉንም ልጻፈው፣ እንዳልዋሽ።

ቢሮው ጠባብ ነው። ላንዚ ያለ ኮፍያ ግንባሩ ሰፊ ነው። አክስቴ የእሑድ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ንግሥት ተቀመጠች።

«እመይቴ፣ ክፍያ ተቀብለዋል?»

«የሆላንድ አይብ። ጥሩ አልነበረም።»

ላንዚ ጻፈው። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። «ኤፕሪል ሃያ ሰባት፦ ወጣቷ ሠላሳ ደቂቃ፣ እመይቴ ሠላሳ አምስት። ሜይ አራት፦ ወጣቷ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ እመይቴ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጎንበስ ብለው። ሜይ አሥራ አንድ…» ደብተሩን ዘጋ። «ቅጹ የአንድ አስጎብኚ ስም ነው የሚጠይቀው። እንደ ማስረጃው ከሆነ ያለ ፈቃድ ያስጎበኙት እመይቴ ዮላንዳ ናቸው። እርስዎ» አለኝ፣ «አብረው ሲጓዙ የነበሩ ሰው ነዎት። ለፈተናዎ እንቅፋት የለም።»

ይህን ሲል አላየኝም። ወረቀቱን ነው ያየው። ጆሮው ግን ቀላ።

አክስቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ዝም በይ ማለት ነው። «ልክ ነው» አለች፣ «እኔ ነኝ። ይቺ ቦርሳዬን ነበር የምትይዝልኝ። ጻፈኝ፣ ልጄ።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። አንድ ደቂቃ ዝም ብል ኖሮ ጁን ሃያ ተፈትኜ ባለ ፈቃድ ነበርኩ። ግን «ቦርሳዬን ነበር የምትይዝልኝ» የሚለውን አልቻልኩትም። ካልቪሲ ስሜን ፋቀው። አሁን ደግሞ መንግሥት በማኅተም ሊፍቀው።

ተነሳሁ። «አይደለም!» አልኩ። «አስጎብኚዋ እኔ ነኝ! መንገዱን ያወጣሁት እኔ፣ ቃሉም የእኔ ነው፣ አርባውም ቦታ፣ እያንዳንዱ ቃል!»

አክስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እግሬን የምትረግጥ ሴት አልነበረችም አሁን።

«የማን አልሽ?»

«አክስቴ፣ ላድንሽ ነው…»

«እያንዳንዱ ቃል የማን አልሽ? እናትሽ የቀን ፈረቃ ሲሆንባት ሰባት ዓመት ሙሉ እጅሽን ይዤ ያዞርኩሽ ማን ነው? ክፍላችን በበጋ ምድጃ ነበር። ሲኒማ አስገቢኝ ትያለሽ፣ ከየት አምጥቼ? ወዴት ልውሰድሽ? ነፃ የሆነውን ሁሉ ወሰድኩሽ። ቤተ ክርስቲያኑ ስለሚቀዘቅዝ ነው የወሰድኩሽ፤ ሥዕሉን እኔ መች አውቄው! ምሰሶው ሥር ተኝተሽ ምራቅሽ ወለሉ ላይ ይፈስስ ነበር። እንዳታለቅሺ ስለ ድንጋዩም ስለ በሩም እየፈጠርኩ ነገርኩሽ። ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ ዓመተ ምሕረት ጨመርሽበት። ደግ አደረግሽ። ስትጽፊው ዝም አልኩ፣ የኔ ልጅ ናት ብዬ። ያ ሻርፓም ከአንቺ ሰረቀ ብለሽ ስትናደጂ አብሬሽ ነደድኩ። አንድ ቀን እንኳ ‹አክስቴ፣ ይሄ ካንቺ የሰማሁት ነው› ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ላንዚ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

መልስ ፈለግኩ። አርባውን ቦታ በየተራ በልቤ ቆጠርኩ፣ አንድ እንኳ፣ አንድ እንኳ ያለ እሷ እጅ የገባሁበት ካለ ብዬ። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ደርሼ ተውኩት።

«ሁለታችንንም ይጻፉ» አልኩት።

«ቅጹ የአንድ ሰው ቦታ ነው ያለው። ደግሞ ስምዎ ከገባ ፈተናው…»

«አውቃለሁ።»

«የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን የመጸው…»

«አወቅኩ አልኩዎት እኮ! ፈቃድም ባገኝ ያለ እሷ ምን እላለሁ? ስለ ድንጋዩ ዓይነት? አንደኛ እሷን ይጻፉ። ከሥር እኔን።»

«አትስማት፣ እኔን ብቻ ጻፍ!» አለች አክስቴ። «ተቆጣሁ እንጂ ፈተናዋን ልብላ አልኩ?»

«ይጻፉ!»

«እንዳትጽፍ!»

ላንዚ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ማልቀስ ይሁን ሌላ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በጣም በትንንሽ ፊደል በአንዱ ቦታ ሁለት ስም፣ የአክስቴን ከላይ የእኔን ከሥር፣ አስገባ። «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«እመይቴ፣ ጡረተኛ ልበል?»

«አስጎብኚ በል።»

«እንዲህ ከተጻፈ ማመን ነው፣ ቅጣቱ ይጠነክራል።»

«በል አልኩህ!»

ጻፈው። ማኅተም መታ። አክስቴ ቅጂ ጠየቀች። ደረጃው ላይ ስንወርድ ክንዴን ያዘች፤ ለጉልበቷ ነው አለች።  ግቢው በር ላይ ቆማ ወረቀቱን እንደገና አየችውና፣ «ስምሽ ከእኔ ሥር ያምራል» አለች።

ሜይ 30

ፈተናው ለሚመጣው ዓመት። ከፋኝ። ከፋኝ ብዬ ጻፍኩ፣ አላፈርኩም።

ቅጣቱን በየወሩ እንከፍላለን። አክስቴ ወረቀቱን ከመስታወት ጀርባ አስገብታ በር ላይ ሰቅላለች። ሆላንዳውያን መጥተው ፎቶ አነሱት።

ጁን 1፣ ቅዳሜ

ሕጉን ለአራተኛ ጊዜ አነበብኩት። ማብራራትን ይከለክላል። ዝም ስለ ማለት አንዳች የሚለው የለም።

አክስቴና እኔ ተማማልን። አንድ ቃል አይወጣንም። እሷ ትጠቁማለች፣ እኔ ቅንድቤን አነሳለሁ፣ ሰው ያያል። ከካልቪሲ ሱቅ ፊት ለፊት ተነሳን፤ ሰባ ሰው ከኋላችን እንደ ቀብር ጸጥ ብሎ ተከተለን። ካልቪሲ ከወንበሩ ተነስቶ አፉን ከፈተ። ላንዚም ነበር፣ መጨረሻው ላይ፣ ደብተር አልያዘም። አላየሁትም፤ ከኮፍያው በስተቀር ምኑንም።

በመጀመሪያው ምንጭ አክስቴ ከንፈሯን ነክሳ አለፈች። ጉንጯ እንደ ቲማቲም ቀላ። አንድ ልጅ ጠጠር እየጠቆመ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ፤ እጇን ጨበጥኩት።

እስከ ሁለተኛው ምንጭ ድረስ ብቻ ዝምታውን ቻለችው።